ፊሽካና ቀዩ ደብተር

ሆዷን ተቀድዳ ትከሻዬን አመመኝ የምትል ሴት ብትገጥማችሁ ታምኗታላችሁ? አታምኗትም። የታሪካችን ልጅም በራሷ ላይ ሲደርስ ነው ያመነችው።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ነው፤ ከቀዶ ጥገናው በሁለተኛው ቀን። ልጅቷ በታላቅ እህቷ ቤት ኮሪደር ውስጥ አንድ እጇን በግድግዳው፣ አንድ እጇን በቀኝ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወዲህና ወዲያ ትላለች። ከበሩ እስከ መስኮቱ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። ከመስኮቱ እስከ በሩ ግን አሥራ ሦስት ይሆንባታል፤ ስትመለስ ይደክማታላ!

"አረፍ በይ እንጂ ልጄ! ምነው እንደ ዘበኛ?" አለች እህቷ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ። እህትየዋ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ለዚህ ሳምንት ደንበኞቿን ሁሉ ትታ እሷን ታስታምማለች።

"ሐኪሟ ተራመጂ ብላለች።"

"ተራመጂ አለች እንጂ ወለሉን ጨርሺው አላለችም። የቤት ኪራዩ ላይ ወለል ሊጨምሩብኝ ነው።"

"በሞቴ አታስቂኝ!" ብላ በብብቷ የሸጎጠችውን ትራስ ሆዷ ላይ ለጠፈችው። ሲስቁም ሲያስሉም ትራስ ሆድ ላይ መጫን ከትእዛዙ አንዱ ነው። ትራሱን ከያዘች ሳቁ ይቀላታል፤ ካልያዘች ሦስቱም የቀዶ ጥገናው ቀዳዳ አብረው ይስቃሉ።

በአውቶቡስ ተራው ስሟ ፊሽካ ነው። የወላጆቿን ስያሜ የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው ይባላል። ሥራዋ ስምሪት ነው፤ የትኛው አውቶቡስ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ እሷ ትቆጣጠራለች። በር የሚያክሉ ሾፌሮች፣ "እባክሽ የኔ እመቤት፣ አምስት ደቂቃ፣ ተሳፋሪ ይሙላልኝ" እያሉ ሲለማመጧት፣ "አውቶቡስ የሚወጣው ሲሞላ አይደለም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ነው" ትልና ፊሽካዋን ትነፋዋለች። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ሰኞ ዕለት እንቁላል ማምረቻዋ ላይ ያደገውን፣ ብርቱካን የሚያክል ውሃ የቋጠረ ከረጢት በካሜራ አወጡላት። ሆዷን በአየር ነፉት፤ በሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ገብተው በዚያው ወጡ። የተረፈው አየር ወደ ላይ ይሄድና ከሳንባ ሥር ያለውን ጡንቻ ይነካካል፤ ሕመሙ ግን የሚሰማው ትከሻ ላይ ነው። ሐኪሟ አስቀድማ ነግራታለች። መስማትና መታመም ለየቅል ሆኖ ነው እንጂ።

"ታዲያ ጠንካራውን ማስታገሻ ውጣ ለምን አትተኛም?" የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው።

ከአራት ዓመት በፊት ከአውቶቡስ ደረጃ ወድቃ ጭኗ ተሰብሮ ነበር። ያኔ ከሞርፊን ወገን የሆነውን እንክብል ሰጧት። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ለሁለት ሳምንት የታዘዘው ሰባት ወር ሆነ። አጥንቷ ገጥሟል፣ እሷ ግን እንክብሏን ፍለጋ ከፋርማሲ ፋርማሲ ትዞራለች። አንድ ቀን ቀኑን በእጇ የቀየረችውን ወረቀት ይዛ አንድ ፋርማሲ ገባች። ነጭ ጋወን የለበሰ ወጣት ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ፤ "አልሰጥሽም" አላት።

ያልሰደበችው ስድብ የለም። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ስደቢኝ፣ ግድ የለም። ከዚህ ሱስ የምታላቅቅ ሐኪም አውቃለሁ፤ አድራሻዋን ልስጥሽ?" አላት። ከኋላው የፋርማሲው ባለቤት፣ እናቱ፣ ከባንኮኒው ሥር ቀይ ሽፋን ያለው ደብተር አወጡና ስሟን መዘገቡት። ቀዩ ደብተር ላይ የሰፈረ ሰው ያንን እንክብል ከዚያ ቤት አያገኝም።

አድራሻውን ወሰደች። በላብ እየተጠመቀች፣ ጥርሷን ነክሳ ተላቀቀችው። በዓመቷ ወደ ፋርማሲው ተመልሳ ባንኮኒው ፊት ቆመችና፣ "አመሰግናለሁ። አሁንም ግን ጠልቼሃለሁ" አለችው። ሳቀ። የሳቀበትን አፍታ እሷም እሱም አልረሱትም፤ ነገር የተጀመረው እዚያ ጋ ነው።

እናትየው ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነው ቀሩ። "ዶክተር አምጣ፣ መምህር አምጣ፣ የአውቶቡስ ተራ ልጅም ብታመጣ እታገሣለሁ። ከቀዩ ደብተር ውስጥ ግን ምራት አላወጣም!" አሉት ልጃቸውን። ይኸው ሁለተኛ ዓመቱ።

ስለዚህ ፊሽካ ለቀዶ ጥገና ስትቀጠር የመጀመሪያ ሥራዋ ለቀዶ ሐኪሟ ሁሉንም መናገር ነበር። ሐኪሟ አጭር፣ ፈጣን ሴትዮ ናት፤ አልደነገጠችም። ቀዳዳዎቹ ሊዘጉ ሲሉ ማደንዘዣ እንደምትወጋባቸው፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ተራ ማስታገሻዎች ሰዓታቸውን ጠብቀው እንደሚወሰዱ፣ ሙቅ ውሃ፣ ትራስና እርምጃ እንደሚጨመሩበት ነገረቻት።

"ሕመሙ እስኪመጣ አትጠብቂ" አለቻት። "አንዴ ካመለጠሽ ሮጠሽ አትይዢውም። ቢያምሽም ባያምሽም፣ ሰዓቱ ሲደርስ ትውጫለሽ።"

"ዶክተር፣ ይሄማ የኔ ሥራ ነው!" አለች ፊሽካ። እቤት እንደገባችም የአውቶቡስ መርሐ ግብር እንደሚሠራው አድርጋ ሠርታ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። አንደኛው በየስድስት ሰዓቱ፣ ሁለተኛው ከምግብ ጋር በየስምንት ሰዓቱ።

*

በዚያው ረቡዕ ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ፋርማሲስቱ በምሳ ዕረፍቱ መጣ። በአንድ እጁ ሾርባ፣ በሌላው የወረቀት ከረጢት ይዟል።

"ከረጢቱ ውስጥ ምንድን ነው?"

"የሙቅ ውሃ መያዣ። ለትከሻሽ።"

ደስ አላት። ልትቀበለው ከአልጋው ስትነሳ ግን ያ ነገር ከጎኗ እስከ ትከሻዋ ጫፍ ወጋት፤ ዓይኗን ጨፍና አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች ቆጠረች። ስትገልጠው እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሯል።

"ምነው ዞርክ?"

"ምንም። መኪናዬን እያየሁ ነው።"

"መኪና መቼ ገዛህ?"

ግንባሯን ስሞ፣ "ከረጢቱን ብቻሽን ሆነሽ ክፈቺው" አላትና ዓይን ዓይኗን ሳያያት ወጣ። አካሄዱ ቅር አሰኛት። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኑን አሽሽቶባት አያውቅም።

እህቷ ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ከረጢቱን ከፈተችው። የሙቅ ውሃው መያዣ አለ። ከሥሩ ፖስታ፣ በፖስታው ውስጥ ደብዳቤ፣ ከደብዳቤው ጋር ደግሞ በብልጭልጭ ወረቀት የታሸገ አንድ ረድፍ እንክብል። ስሙን ማንበብ አላስፈለጋትም። በጣቷ ነው ያወቀችው።

"ዓለሜ፣

ፊትሽን ማየት አቃተኝ። ሕመም የሚያጠፋ ነገር መሳቢያ ውስጥ ቆልፌ እየዋልኩ አንቺ እንዲህ ስትሆኚ እንዴት ልቻለው? ከሆስፒታል ስትወጪ ፋይልሽን ያላነበበው ተረኛ ሐኪም ጽፎልሽ፣ አልፈልግም ብለሽ አልጋው ላይ የተውሽውን ወረቀት እኔ አንስቼው ነበር። አሥር ናቸው። ከባሰብሽ ዋጪ። ማንም አያውቅም። እኔም አልጠይቅሽም።

የምወድሽ።"

"ማንም አያውቅም" የምትለውን ሦስት ጊዜ አነበበቻት።

"እኔስ?" አለች ጮክ ብላ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ። "እኔ አላውቅም እንዴ?"

እንባዋ መጣ። ሕመሙ አይደለም ያስለቀሳት። ያን ቀን ባንኮኒው ጋ "አልሰጥሽም" ያላት ሰው፣ በዚህ ዓለም ላይ ትችያለሽ ብሎ ያመነባት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ዛሬ ሳትጠይቀው ሰጣት። አላመነባትም ማለት ነው፤ ሌላ ምን ይባላል?

ቀጣዩ ማስታገሻዋ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። አሁን ስድስት ተኩል። ትከሻዋ ይነድዳል፣ እንክብሏ እጇ ላይ ናት፣ ቤቱ ጭር ብሏል። ልዋሻችሁ አልችልም፤ አንዷን ከብልጭልጩ ወረቀት ልታወጣ ጥፍሯን አሳርፋ ነበር። አውራ ጣቷ መንገዱን አልረሳውም።

"ምን አባቱ!" አለችና ጥፍሯን አነሳች።

ስልኳን አንስታ ቀዶ ሐኪሟ ቢሮ ደወለች። ያነሳችው ነርስ ትኩሳት እንዳላት፣ ሆዷ ደርቆ እንደሆነ፣ ደም እንዳየች ጠየቀቻት። የለም፣ የለም፣ የለም።

"እንግዲያው አየሩ ነው፤ የሚጠበቅ ነው። ሙቅ ውሃ ያዢበት፣ ተራመጂ፣ ሰዓትሽን አትሳቺ" አለቻት ነርሷ። "ካልቻልሽ ደግሞ ነይ፤ እዚህ ሌላም መላ አለን። ብቻሽን አትታገይ፣ እሺ?"

ፖስታውን አልጣለችውም፣ አልቀደደችውም። አውቶቡስ ላይ የተረሳ ዕቃ ሲገኝ እንደምታደርገው አደረገች። እንክብሉንም ደብዳቤውንም መልሳ ከተተች፣ አፉን በፕላስተር አሸገች፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጻፈች፣ ግማሹ ፕላስተሩ ላይ ግማሹ ወረቀቱ ላይ እንዲያርፍ አድርጋ ፈረመችበት። እንዲህ የታሸገ ዕቃ ቢከፈት ፊርማው ይሰነጠቃል። ከዚያ የሙቅ ውሃውን ትከሻዋ ላይ አስራ ኮሪደሯን ጀመረች። አርባ ጊዜ ተመላለሰች። እህቷ ገብታ ስታያት ሳትቀልድ ሌላ ውሃ ልትጥድላት ወጥ ቤት ገባች።

ስምንት ሰዓት ላይ ማስታገሻዋን ዋጠች። በዘጠኝ ሰዓት ሕመሙ አልጠፋም፤ ግን ከሾፌርነት ወርዶ ተሳፋሪ ሆነ። እሱን ደግሞ ታውቅበታለች።

ፋርማሲስቱ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስልኳ ላይ ሲደውል አመሸ። አላነሳችውም። እሱ ደግሞ ያላነሳችው አፍራ ነው፣ ውጣዋለች ማለት ነው ብሎ አሰበ፤ እሷም እንዲህ እንደሚያስብ ገምታ ይበልጥ ተናደደች። ሆድ ባሳት።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እህትየዋ ስትከፍት የፋርማሲው ባለቤት ናቸው። አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ መነጽራቸው በሰንሰለት ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሏል፤ ብብታቸው ሥር ቀዩን ደብተር ሸጉጠዋል። ከኋላቸው ልጃቸው ደረጃውን እየሮጠ፣ "እማዬ፣ እባክሽ! እማዬ!" ይላል።

"ይግቡ እትዬ፣ ይቀመጡ" አለች እህትየዋ።

"ለመቀመጥ አልመጣሁም!"

ፊሽካ ኮሪደሩ መሀል ነበረች፣ እጇ ትከሻዋ ላይ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። እናትየው ትከሻዋን አዩ፣ ፊቷን አዩ፤ ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ሆዷን ተቀድዳ ትከሻዬን ትላለች! ነገ ደግሞ ጥርሴን ትይኛለሽ። ይኼን ጨዋታ ሠላሳ ዓመት አይቼዋለሁ፣ ልጄ። ዛሬ የማዘዣ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ ምን አገኘሁ? አሥር እንክብል፣ በአንቺ ስም፣ በልጄ ፊርማ! ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ልጄን ላክሽው?"

"እማዬ፣ እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ..."

"አንተ ዝም በል!" አሉ እናቱና ፊሽካ እኩል። እህትየዋ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ወጥ ቤት ዞረች።

ፊሽካ ወደ ክፍሏ ገባች፤ ቀስ እያለች፣ እርምጃዋን ሳታጣድፍ። ፖስታውን አምጥታ ለእናትየው ዘረጋችላቸው።

"ዕቃዎን ይረከቡ። ቀኑን ያንብቡት። ሰዓቱን ያንብቡት። ፊርማው ተሰንጥቆ እንደሆነም ይዩት። ከዚያ ይክፈቱና ይቁጠሩ።"

እናትየው መነጽራቸውን አደረጉ። አነበቡ። ፕላስተሩን ላጡት፤ ቆጠሩ። አሥር። ደግመው ቆጠሩ። ልጃቸው ግድግዳውን ተደግፎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነው።

"አልዋጥሽም" አሉ እናትየው ድምፃቸው ወርዶ።

"አልዋጥኩም። ሌላ ሰው ቢውጠው አልፈርድበትም፤ ለተገባው ሰው መድኃኒት ነው። ለእኔ ግን አይሆንም፤ ይኼን ከእርስዎም ከልጅዎም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።"

ሴትዮዋ ወንበሩን ሳቡና ተቀመጡ። ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከቦርሳቸው እስክሪብቶ አወጡ።

"እንግዲህ ቃሌ ቃል ነው። ለልጄ ነግሬው ነበር፤ እስከ እሑድ ያለ እንክብሏ ካለፈች ስሟን እሰርዛለሁ፣ ስለ ጋብቻችሁም አፌን እይዛለሁ ብዬ። እሑድ አልደረሰም፣ ግን አሥር እንክብል ትራስ ሥር ይዞ ያደረ ሰው ካላለፈ ማን ያልፋል?"

ፊሽካ ወደ ልጁ ዞረች። "ፈተና ላይ ነበርኩ?"

"አልነገርኩሽም፤ እንዳትጨነቂ ብዬ..."

"ፈተና ላይ መሆኔን እያወቅክ ነው መውደቂያዬን በፖስታ የላክልኝ?"

"ፈተናው ገደል ይግባ!" አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ። እናቱ ቀና ብለው አዩት። "ብትወድቂም ግድ አልነበረኝም! እናቴን እዋሻት ነበር። ሥራዬን እለቅ ነበር። አንቺ ከምትሰቃዪ ሁሉም ይቅር ብዬ ነው!"

"ስቃይን ማን መረጠ?" አለች እሷም ጮክ ብላ። ሆዷን ያዘች፤ ግን አላቆመችም። "እኔ ሰማዕት ነኝ? እኔ የመረጥኩት መርሐ ግብር ነው! ሰዓት ያዝልኝ ነው ያልኩህ። አብረኸኝ ኮሪደሩን ተራመድ፣ ውሃ አሙቅልኝ። ፊትህን ወደ መስኮት አታዙርብኝ! ሲያመኝ እየኝ፤ ማየት ካቃተህ ግን ለራስህ ሕመም ብለህ ለእኔ መድኃኒት አትስጠኝ።"

እንባው በነጩ ጋወኑ ላይ ወረደ። እሷም እያየችው መውደዷን በዚያች ደቂቃ ያህል አውቃው አታውቅም፤ ንዴቷም እንደዚያው።

እናትየው ስሟ ያለበትን ገጽ ፈልገው እስክሪብቷቸውን ከፈቱ።

"አይሰርዙት" አለች።

"ምን?"

"እትዬ፣ ስሜን አይሰርዙት። እኔ ለእርስዎ ብዬ አይደለም የተራመድኩት፤ ሽልማት አልፈልግም። እዚያ ላይ የተጻፈችው እኔ ነኝ። ነገ መኪና ቢገጨኝ፣ ራሴን ባላውቅ፣ አንድ ተረኛ ሳያነብ ቢጽፍልኝ፣ ያ ስም ይጠብቀኛል። ያሳፈረኝ ጊዜ አልፏል። ደብተሩ ይምጣ እስቲ፣ ልየው።"

ደብተሩን ከእጃቸው ወሰደችና የራሷን ገጽ ስትፈልግ የመጀመሪያው ገጽ ተገለጠ። ቀለሙ የደበዘዘ የአንድ ወንድ ስም አለ፤ የአባቱ ስም ከእናትየው የአባት ስም ጋር አንድ ነው። "ምክንያት" በሚለው ሥር በራሳቸው እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ *ስለምወደው ሰጠሁት።*

ፊሽካ ደብተሩን ወደ እናትየው አዞረችላቸው።

"ታናሼ ነው" አሉ እናትየው መሬት መሬቱን እያዩ። "ወገቡን ታሞ ነበር። እህት ዓለም፣ እንቅልፍ ይውሰደኝ ብቻ አለኝ። ሰጠሁት። ማንም አያውቅም አልኩት። ከቀበርኩት በኋላ ነው ይኼን ደብተር የገዛሁት።"

ልጃቸው ይህን ገጽ አይቶት አያውቅም። ተንበርክኮ የእናቱን እጅ ያዘ።

ፊሽካም አለቀሰች፤ ግን ቀና እንዳለች ነው። "እትዬ፣ ነፍስ ይማር። ሐዘንዎ ሐዘኔ ነው። እኔ ግን ወንድምዎ አይደለሁም። እኔ በሕይወት አለሁ፤ እያመመኝም ቢሆን አለሁ። እንደዚያው ይዩኝ።"

ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩዋት። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዴም እንዲህ አላዩዋትም። ቀስ ብለው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ፊሽካ ስሟ ያለበትን ገጽ አወጣችና ደብተሩን ለፋርማሲስቱ ሰጠችው።

"ጻፍ። ከስሜ ሥር ስምህን ጻፍ። ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ስም ያንን እንክብል መስጠት ለአንተ ክልክል ነው።"

የእናቱን እስክሪብቶ ተቀበለ። ስሙን ጻፈ፤ ቀኑን ጻፈ። "ምክንያትስ ምን ልበል?"

"ከመጀመሪያው ገጽ ገልብጥ።"

ጻፈ፦ *ስለምወዳት ሰጠኋት።*

የቀረችው የመዝጋቢው ፊርማ ናት። በደብተሩ ደንብ ስሙ የሰፈረ ሰው ለራሱ አይፈርምም። እናትየው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ሁለቱን ስሞች አንዱን ከሌላው ሥር ተመለከቱ፤ ከዚያ አጠገባቸው፣ ጥርት አድርገው፣ ፈረሙ።

ከወጥ ቤቱ በር እህትየዋ እንባዋን በፎጣ እየጠረገች ብቅ አለች።

"ይቅርታ፣ እኔስ የት ጋ ነው የምፈርመው? የጋብቻ ምስክር በየወገኑ ሁለት አይደል እንዴ?"

ቀድመው የሳቁት እናትየው ናቸው። ፊሽካ ትራሷን ፈለገች፤ ክፍሏ ውስጥ ረስታዋለች። ፋርማሲስቱ ይህን ጊዜ ፊቱን አላዞረም። ዓይን ዓይኗን እያየ ጠጋ አለና መዳፉን ትራሱ በሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ልክ በሚፈለገው ኃይል፣ ጫን አደረገላት። ሦስቱም ቀዳዳ አመማት፤ ትከሻዋም አመማት፤ ሳቋን ግን አላቆመችም።